ሲሾሙ ያልበሉት ራስ፡ ልዑል ራስ እምሩ ከጎጃም ገዥነት እስከ ዋሽንግተን አምባሳደርነት

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ጀውሃን ያገኛል። ወንዙ ከምዕራብ ተራሮች ወርዶ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ ወደ አዋሽ ይነጉዳል። ይህ ጸሐፊ ልጅነቱን ያሳለፈው ማሽላና ማሾ በሚበቅልበት፣ በወንዙ ዳር ሽንኩርት በመስኖ በሚለማበት በዚሁ የይፋት ቆላ ነው። ዛሬ የታሪክ መጻሕፍትን ሳገላብጥ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚሉኝ አያቴ ናቸው። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የሌላ ሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። ነገር ግን በእድሜያቸው የመጡትንና የሄዱትን ሹማምንት በቃላቸው ይቆጥሩ ነበር። የቆጠራቸው ማሳረጊያም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፦ ክፉው ከረመ፤ ደጉን ቶሎ አነሡት።

እኔም በልጅነት አእምሮዬ፣ «ደጉን የት ወሰዱት?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር። አያቴ መልስ አልነበራቸውም። እጃቸውን ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ወርወር አድርገው ዝም ይሉ ነበር። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ዝምታ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ምክንያቱም በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የተነሡ ደጋግ ገዥዎች የሚወሰዱበት ቦታ ቢያንስ አንዱ የታወቀ ነው፦ ኤምባሲ።

ውድ አንባቢያን እንደምታውቁት አበው ስለ ሹመት ብዙ ብለዋል። ከሁሉ የሚታወቀው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ነው። ይህ ተረት መቀለጃ ብቻ አይደለም፤ የአገራችን የአስተዳደር ሕገ መንግሥት ሆኖ ለብዙ ዘመን ያገለገለ አባባል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ ሲሾም ያልበላ፣ ይልቁንም የነበረውን መሬት ለጭሰኞቹ ያካፈለ ገዥ ሲገኝ መንግሥት ምን ያደርገዋል? ያስረዋል? ይሾመዋል? የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የማድረግ ዘዴ አለና።

ከሐረር እስከ ጎጃም

እምሩ የተወለዱት በኅዳር 1885 ዓ.ም. ነው። ከተፈሪ መኮንን ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ብቻ ሳይሆኑ በራስ መኮንን ቤት፣ በሐረር፣ አብረው ያደጉና አብረው የተማሩ ነበሩ። በእድሜም የሚበላለጡት በጥቂት ወራት ነው። ኋላ አንደኛው ንጉሠ ነገሥት፣ ሌላኛው የንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ሆኑ። ይህን የልጅነት ትስስር ሳይዙ የራስ እምሩን ሕይወት መረዳት አይቻልም። ንጉሡ ሊጥሏቸው ያልቻሉትም፣ እርሳቸው ንጉሡን ሊቃወሙ ያልደፈሩትም በአንድ ምክንያት ይመስላል።

ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ እምሩ በሐረር የእርሳቸው እንደራሴ ሆነው አገለገሉ። ቀጥሎ ለአጭር ጊዜ ወሎን አስተዳደሩ። ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በ1924 ዓ.ም. ነው። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፣ ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ቤት ባመለጡበት ጉዳይ እጃቸው አለበት ተብለው ተያዙ፤ በምትካቸውም እምሩ በራስነት ማዕረግ ለጎጃም ተሾሙ።

ራስ ኃይሉ በሀብት ማከማቸትና በግብር ማብዛት ስማቸው የገነነ ነበር። ዳሩ ግን የጎጃም ተወላጅ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ነበሩ። እምሩ ደግሞ ከሸዋ የተላኩ እንግዳ ናቸው። ጎጃሜው የኃይሉን ግብር ቢጠላም የሸዋን ሹም መውደድ አልነበረበትም። አዲሱ ገዥ በዚህ አስቸጋሪ መሬት ላይ ቆመው የግብሩን ጫና ለማቃለልና አስተዳደሩን ሥርዓት ለማስያዝ ሞከሩ። ለዘረፋ ሳይሆን ለሥራ የመጣ ሹም የሚል ስም አተረፉ። ይሁን እንጂ የአራት ዓመት መልካም አስተዳደር የትውልዶችን ቂም አያጥብም። ይህን በሚቀጥለው ጦርነት መራራ በሆነ መንገድ አዩት።

ሽሬ፣ ጎሬ፣ ጎጀብ

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር አስከትለው፣ ተከዜን ተሻግረው፣ ወደ ሽሬ ዘመቱ። ጦራቸው በመንገድ ላይ ሳለ ከጎጃም ባላባት ወገን የሆኑት ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከድተው ወደ ኋላ ተመለሱና በጎጃም ዐመፅ አነሡ። ገዥው ለአገር ሲዋጉ ግዛታቸው ከኋላቸው ተናወጠ።

ያም ሆኖ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በደምበጓና በር ላይ የእምሩ ጦር የኢጣሊያንን ክፍለ ጦር ከነቀላል ታንኮቹ ሰብሮ ሽሬን አስለቀቀ። በዚያ ጦርነት ከተገኙት ጥቂት ግልጽ ድሎች አንዱ ይህ ነው። የኢጣሊያ ምላሽ ከሰማይ መጣ። በዚያው ወር በተከዜ አካባቢ ከአውሮፕላን የተጣለው የመርዝ ጋዝ በወታደሮቹና በገበሬዎቹ ላይ ያደረሰውን ነገር ራስ እምሩ ኋላ በዝርዝር መስክረዋል፦ በርሜል መሰል ነገር መሬት ሲነካ ይፈነዳል፤ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጫል፤ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ይቆስላል፤ ወንዙ ለመጠጣት የወረዱትን ይገድላል። አዛዡ ለወታደሮቻቸው የሚሰጡት ትእዛዝ አልነበራቸውም፤ ምን እንደሆነ አያውቁትምና። የዚህ ምስክርነት ዋጋ ታላቅ ነው። ራስ እምሩ ዲፕሎማት ከመሆናቸው በፊት የዓለም መንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን በተከዜ ዳር ምን ያህል እንደሚመዝን በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ።

በየካቲት 1928 ዓ.ም. በሽሬ ጦርነት ጦራቸው ተሸነፈ፤ የተረፈውም ተበተነ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ለቀው ወደ ጅቡቲ ሄዱ። በእነዚያው ቀናት የማርሻል ባዶሊዮ የመኪና ጦር ከደሴ ተነሥቶ፣ ይህን የይፋት ቆላ አልፎ፣ በጣርማ በር በኩል ወደ ደጋው ወጣ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገባ። ራስ እምሩ ግን የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ተብለው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ሄዱ። በዚያም የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና የተማሩ ሲቪሎች ካቋቋሙት ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተባበሩ። ኋላ ደራሲና ዲፕሎማት የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁም በዚያ ዘመቻ ከእርሳቸው ጋር ነበሩ።

በምዕራብ የጠበቃቸው ሌላ የአገር ቤት ቂም ነበር። ብዙው የአካባቢው የኦሮሞ ሕዝብና ባላባት በነፍጠኛ ሥርዓት የተማረረ ስለነበር ለማዕከላዊ መንግሥት እንደራሴ በሩን ወለል አድርጎ አልከፈተም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው እጃቸውን ሰጡ። በጎጃም የገጠማቸውንና በምዕራብ የገጠማቸውን አንድ ላይ ስናይ፣ ኋላ ለመሬት ጥያቄ ያደረባቸው ስሜት ከየት እንደበቀለ መገመት አያዳግትም። ገበሬው በመሬቱ ባለቤት ካልሆነ በአገሩም ባለቤት ነኝ ብሎ አይዋጋም።

ወደ ኢጣሊያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ቀልድ ያውቃል፤ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር የተወሰደው ወደዚያችው ደሴት ሲሆን፣ ያደረበትም ቀድሞ ራስ እምሩ የታሰሩበት ቤት እንደነበር ይነገራል። ጥቂት ቆይቶ ኢጣሊያ እጇን ስትሰጥ ራስ እምሩ ነጻ ወጥተው ለአገራቸው በቁ።

ሹመት ወይስ የክብር ግዞት?

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወታቸው ምዕራፍ ነው የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ። ሦስት ግዛቶችን ያስተዳደረ፣ ጦር የመራ፣ ሰባት ዓመት ግድም የታሰረ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ይጠበቅ የነበረው በአገር ግንባታው መሐል እንዲቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ግን ዋሽንግተን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር መልእክተኛ ሆኑ። ሌጋሲዮኑ እ.ኤ.አ. በ1949 ወደ ኤምባሲነት ሲያድግ አምባሳደር ሆኑ። ከዋሽንግተን ቀጥሎ ኒው ዴልሂ መጣ፤ ሞስኮም ተጨመረች። የጎልማሳነታቸው ፍሬያማ ዓመታት በዚህ መልክ ከአገር ውጭ አለፉ።

ስለ ዋሽንግተን ሲነሣ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። በመስከረም 1941 ዓ.ም. በከተማው ታላቅ አዳራሽ፣ በኮንስቲትዩሽን ሆል፣ የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ያከብር ነበር፤ ፕሬዚዳንት ትሩማንም ንግግር አድርገዋል። የኢትዮጵያው ሚኒስትር ለዲፕሎማቶች በተዘጋጀው ቦታ ተቀምጠው ሳለ ጥቁር በመሆናቸው ከቦታቸው እንዲነሡ ተጠየቁ። ራስ እምሩ አዳራሹን ጥለው ወጡ። የአሜሪካ መንግሥት ኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ያ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1939 ታዋቂዋን ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰንን በቆዳዋ ቀለም ምክንያት የከለከለ አዳራሽ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በአገራቸው ልዑል፣ በጎጃም ገዥ፣ በጎሬ የንጉሠ ነገሥት እንደራሴ የነበሩት ሰው በዋሽንግተን «ተነሣ» ተባሉ። እኚህ ሰው የሥርዓቱ የላይኛው እርከን ልጅ ነበሩ፤ ከወንበራቸው የሚያስነሣቸው ሰው በአገራቸው አልነበረም። በሰው አገር ግን የመታችኛነትን ጣዕም ቀመሱ። ይህ ገጠመኝ ብቻውን ለውጧቸዋል ማለት አልደፍርም። የመሬት ከበርቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ተነሣ» የሚባለውን ጭሰኛ ግን ከዚያ ምሽት በኋላ በሌላ ዓይን እንዳዩት መገመት አይከብድም።

ዴልሂም የራሷ ትምህርት ነበራት። ራስ እምሩ በህንድ በቆዩባቸው ዓመታት ያች አገር ዘሚንዳር የሚባሉትን ታላላቅ ባለመሬቶች በየክፍለ ግዛቱ በሕግ የምታፈርስበት ዘመን ነበር። ቪኖባ ባቬ የሚባለው የጋንዲ ደቀ መዝሙር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በእግሩ እየዞረ ባለመሬቶች ለመሬት አልባዎች በፈቃዳቸው መሬት እንዲሰጡ ይለምን ነበር። ስለዚህ በአንድ አገር ሁለቱም መንገድ በግልጽ ይታይ ነበር፦ አንዱ ሕግ፣ ሌላው ምጽዋት። የትኛው እንደሚያዛልቅ ህንዶች በምክር ቤታቸውና በጋዜጣቸው በአደባባይ ይከራከሩ ነበር። በአዲስ አበባ ግን ይህን ክርክር የሚያስተናግድ አደባባይ አልነበረም።

ራስ እምሩ በበኩላቸው የራሳቸውን መሬት ለጭሰኞቻቸው አካፈሉ። በመኳንንቱ ሰፈር «ቀዩ ራስ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው በዚህና በመሰል አቋማቸው ነው። ብዕርም ነበራቸው፤ ፊታውራሪ በላይ የተባለ ልብ ወለድ ጽፈዋል። ካየሁትና ከማስታውሰው የተባለው የሕይወት ታሪካቸውም ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለንባብ በቅቷል።

በዚህ ጎዳና የተጓዙ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው አልነበሩም። የሸዋው፣ የሰያደብሩ ተወላጅ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በሩሲያ ተምረው መጥተው ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳድረዋል፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል። ከዚያም ወደ ፓሪስና ጄኔቭ ተልከው በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ተሟግተዋል። የጠቡ መነሻ የሆነው ወልወል በቀድሞ ግዛታቸው በጅጅጋ አቅጣጫ የሚገኝ ስለነበር ድንበሩን ያስተዳደረው ሰው ስለ ድንበሩ መከራከሩ ጥቅም ነበረው። ገዥን ዲፕሎማት ማድረግ በራሱ ክፉ ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ ነው። ጥያቄው «ተላኩ ወይስ አልተላኩም?» አይደለም። «ከተላኩ በኋላ የጀመሩት ሥራ በማን እጅ ቀረ?» ነው።

ሁለቱ ገዥዎች

ጥያቄው ይበልጥ የሚገለጠው ራስ እምሩን ከሌላ የዘመናቸው ገዥ ጋር ስናስተያይ ነው። ግርማሜ ነዋይ በአሜሪካ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነበር። ወላሞ ላይ አውራጃ ገዥ ሆኖ ሲሾም መሬት ለሌላቸው መሬት መስጠት ጀመረ። ባለመሬቶቹ ወደ አዲስ አበባ አቤት አሉ። እርሱም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ልዑሉ ወደ ኤምባሲ፣ ወጣቱ ወደ ጠረፍ ሄዱ። የመሬት ጥያቄው ግን ከሁለቱም ጋር አልሄደም፤ ገበሬው ቤት ቀረ።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ግርማሜና ወንድሙ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ የክብር ዘበኛን ይዘው ተነሡ። በሬዲዮ በታወጀው አዲስ መንግሥት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው የተሰየሙት ራስ እምሩ ነበሩ። ይህ ስያሜ በፈቃዳቸው ነው ወይስ ሳይጠየቁ የሚለው ብዙ አከራክሯል። ለእኔ ግን ከዚህ ይልቅ ትርጉም ያለው ሌላ ነገር ነው። ዐመፀኞቹ ሕዝብ የሚያምነው ስም ሲፈልጉ ያገኙት ለዓመታት ከአገር ውጭ የኖረን አንድ ሽማግሌ ነበር። በአገር ቤት ካሉት ሚኒስትሮችና ሹማምንት መካከል ያን ያህል እምነት የሚጣልበት አላዩም። የክብር ግዞት ሰውየውን ከሥራው ይለየዋል እንጂ ከሕዝብ አእምሮ አያጠፋውም።

ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ግርማሜ ሞተ፤ መንግሥቱ ተሰቀለ። ራስ እምሩ አልተቀጡም። ንጉሡ የልጅነት ጓደኛቸውን ማሰር አልፈለጉም፤ ሊሰሟቸውም አልፈለጉም። በዚህ መካከል ያለው ስፍራ ነው ኤምባሲ የሚባለው።

የማይካድ ሌላ ወገን

ፍትሐዊ ለመሆን የተቃራኒውንም ወገን መስማት ይገባል። «ዋሽንግተን ግዞት አይደለችም» የሚል ሰው ስሕተተኛ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ እጣ፣ በተለይም የኤርትራ ጉዳይ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጠረጴዛ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1950 ፌዴሬሽኑ ሲወሰን የአሜሪካ ድጋፍ ሚዛን የሚደፋ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ዘመዳቸውን፣ በጋዝ ጦርነት የቆሰለ ሕዝብ መሪ የነበረውን ሰው መላካቸው ብልህነት ነው። በዴልሂም ቢሆን ከኔህሩ መንግሥት ጋር የተመሠረተው ወዳጅነት ፍሬ አፍርቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1956 ህንድን ጎብኝተዋል፤ የህንድ መምህራንም በየትምህርት ቤታችን አንድ ትውልድ አስተምረዋል።

ሌላም አለ። ራስ እምሩ ራሳቸው ነጻ አይደሉም። መሬታቸውን ሰጡ፤ ሕግ እንዲወጣ ግን በአደባባይ አልታገሉም። ለንጉሡ ያላቸው ታማኝነት አፋቸውን ያዘው። የደግ ጌታ ጭሰኛ ጌታው እስኪሞት ድረስ ብቻ ነው የሚያድርለት፤ ልጁ ምን ዓይነት እንደሚሆን አያውቅም። አያቴ በ1967 ዓ.ም. ስላገኙት መሬት ሲናገሩ ከሁሉ በፊት የሚያነሡት ስፋቱን አልነበረም፤ «የማንንም ፊት ሳላይ» የሚለውን ነበር። ደግነትና ሕግ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ደግነት ፊት ያሳያል፤ ሕግ ፊት ከማየት ያድናል። ራስ እምሩ የመጀመሪያውን ሰጡ፤ ሁለተኛውን ለመስጠት ሥልጣን ላይ መቆየት ነበረባቸው፤ ወይም ሥልጣን ላይ ያሉትን መሞገት።

ጥያቄው ሲመለስ

በ1966 ዓ.ም. ጥያቄው በራሱ እግር ወደ አደባባይ ወጣ። ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ካለ ዓመታት አልፈው ነበር፤ አሁን ወታደሩ፣ ታክሲ ነጂው፣ መምህሩ ተከተሉት። ሐምሌ 15 ቀን የራስ እምሩ ልጅ ልጅ ሚካኤል እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እርሳቸውም እንደ አባታቸው አምባሳደር ነበሩ። እህታቸው ወይዘሮ ዮዲት እምሩም የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት አምባሳደር ናቸው፤ ቤቱ የዲፕሎማት ቤት ሆኖ ነበርና። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ለአባት በሬዲዮ የታወጀው ሹመት ለልጅ በሕጋዊ መንገድ መጣ፤ ግን ጊዜው አልፎበታል። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ የልጅ ሚካኤል ጠቅላይ ሚኒስትርነትም አብሮ አበቃ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በምክር ቤት ተመክሮበት፣ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዓመታት ቀስ በቀስ ሊሠራ ይችል የነበረው ነገር በአንድ ቀን በጠመንጃ አፍ ታወጀ። መሬቱ ከባለርስቱ ተወሰደ፤ የመንግሥት ሆነ፤ ገበሬው ተጠቃሚ እንጂ ባለቤት አልሆነም። አያቴ ከጭሰኝነት ወጡ፤ ልጆቻቸው ግን የራሳቸው ያልሆነ መሬት ወራሾች ሆኑ። ለዚህ ውጤት አንድን ሰው ተጠያቂ ማድረግ ሞኝነት ነው። ጥያቄውን በጊዜው ሊመልሱ የሚችሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ከቦታቸው ያነሣ ሥርዓት ግን ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ልዑል ራስ እምሩ በነሐሴ 1972 ዓ.ም. አረፉ። ልዑላንን ባሰረውና በገደለው በደርግ ዘመን፣ ለእኚህ ልዑል መንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደረገላቸው። አብሯቸው ያደገው ንጉሠ ነገሥት አጽም ግን በዚያን ጊዜ የት እንደተቀበረ እንኳ ሕዝብ አያውቅም ነበር። ሁለቱ የሐረር ልጆች በአንድ ቤት ጀምረው እንዲህ ተለያዩ።

ለዛሬው ምን ይነግረናል?

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ ወደ ቅርቡ ዘመን ይመልከት። የፌዴራሉ ሥርዓት የክልል ፕሬዚዳንት የሚባል አዲስ ገዥ ፈጠረ። መንገዱ ግን አልተቀየረም። የአማራ ክልልን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የመሩት አቶ አያሌው ጎበዜ በ2006 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲነሡ በቱርክ አምባሳደር ሆኑ። ኦሮሚያን በፕሬዚዳንትነት፣ አዲስ አበባን በከንቲባነት የመሩት አቶ ኩማ ደመቅሳም ወደ ጀርመን በአምባሳደርነት ተላኩ። ይህን የማነሣው ግለሰቦቹን ለመውቀስ ወይም ከራስ እምሩ ጋር ለማመሳሰል አይደለም። ደግም ሆነ ክፉ፣ የሠራም ሆነ ያልሠራ፣ ገዥ ከሥልጣን ሲወርድ ለሕዝቡ የሥራውን ሒሳብ ሳያስረክብ በአውሮፕላን የሚሄድበት ልማድ እንዳልቆመ ለማሳየት ነው። ለደጉ ግዞት ነው፤ ላጠፋው ደግሞ መሸሸጊያ። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ተቀማጩ ሕዝብ ነው።

እኛ የይፋት ልጆች ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የምናውቀው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በጥር 2015 ዓ.ም. ጀውሃ የተኩስ ሜዳ ሆና ሰዉ ሲፈናቀል፣ በየመጠለያው ይጠየቅ የነበረው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ኃላፊው ማን ነው?» ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሹም የሚገኘው ሹመትና ሽረት በሕዝብ ፊት ሲሆን ብቻ ነው። የሚሾመው ለምን እንደተሾመ፣ የሚነሣውም ለምን እንደተነሣ ሕዝቡ ሊሰማ ይገባዋል። ወደ ውጭ የሚላከውም ሥራውን አስረክቦ፣ ተመስግኖ ወይም ተወቅሶ ይሂድ።

አያቴ ዛሬ የሉም። ቢኖሩ ኖሮ ለዚያ የልጅነት ጥያቄዬ መልሱን እኔ እነግራቸው ነበር። አንዱን ደግ ዋሽንግተን፣ ዴልሂና ሞስኮ ወስደውት ነበር አባባ፤ በክብር፣ በደመወዝ፣ በባንዲራ ሥር። ሰውየው በሰው አገር አገሩን አላሳፈረም። እርስዎ ግን በጀውሃ ዳር የሰው መሬት እያረሱ ሃያ ዓመት ተጨማሪ ጠበቁት።

ቸር ይግጠመን።